የእታለም አንጓች የቅጠል ውሃ

እታለም አንጓች ማረፏን በስልክ የነገረኝ ዶክተር ያሬድ ነው። ዶክተር ያሬድ ወሬ አለሳልሶ መናገር አይችልበትም፤ መርዶም ቢሆን እንደ ላብራቶሪ ውጤት ነው የሚያነብላችሁ። «ሀና፣ እታለም ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። አልታመመችም፤ እንደተኛች ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ማቀዝቀዣው ውስጥ በእጇ የሞላቻቸው ሦስት ጠርሙሶች አሉ። ምን ላድርጋቸው?» አለ። አንድ የኬሚስትሪ ዶክተር በጽዳት ሠራተኛ ጠርሙስ ላይ መወሰን አቅቶት ከባሕር ዳር አዳማ ይደውላል። «ቀናቸው እስኪያልፍ እንዳትደፋቸው» አልኩት። አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ።

ለቀብሯ አልደረስኩም። በኋላ እንደሰማሁት ግን ድንኳኑ ውስጥ ከለቅሶው ሳቁ በልጦ፣ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች «የሰርግ ነው እንዴ?» እስኪሉ ደርሰው ነበር አሉ። አልገረመኝም። እታለም አንጓችን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ አንድ ነገር ሳያወራ መቀመጥ አይችልም፤ ስለ እሷ አውርቶ ደግሞ ፊቱን ቋጥሮ መቆየት አይችልም።

ባሕር ዳር የሄድኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጥሬ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ፣ ማንንም ሳላውቅ። የመጀመሪያው ቀን የላብራቶሪውን በር ስከፍት አንዲት አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ሻሿን ከጆሮዋ በላይ ቋጥራ፣ ባልዲዋን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ባዶ ብርጭቆ ታሸታለች። አሸተተች፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ብርጭቆውን አቀበለችኝና፣ «ይሄ ትናንት አልታጠበም፣ ታጥቧል ቢሉሽም» አለችኝ። እንዲህ ሥራ ሳልጀምር ተገመገምኩ።

በእድሜ እናቴ ስለምትሆን «እርስዎ» እያልኩ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ታገሰችኝ። በአራተኛው ቀን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «አንች የአዳማ ልጅ፣ አንቱታሽን ለየኔታ አስቀምጭላቸው። እኔን እታለም በይኝ፣ ይበቃኛል። ጥርሴ እንኳ ገና አላለቀ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት። ዶክተር ያሬድን ግን ሲያበሳጫት አንቱ፣ ሲያስደስታት አንተ ትለው ነበር። የዶክተሩን ቀን እንዴት እንደሆነ ለማወቅ የእሷን አጠራር መስማት ይበቃን ነበር።

ሁሉን ነገር የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ቅጠል ካገኘች በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፣ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። «ይሄ ጠዋት የተቆረጠ ነው። ይሄ ደግሞ ሌሊቱን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አድሮ ታፍኗል፣ መልሽላቸው።» የቅዳሜ ገበያ ቅጠል ሻጮች እሷ ስትመጣ ትናንት የቀረውን ከኋላ ይደብቁ ነበር። ኬሚካሎቹን ግን አንድም ቀን አሽትታቸው አታውቅም። «እነዚያ አያናግሩኝም» ትላለች። ከአፏ የማይጠፋው አባባሏ «ሽታ ካለው ነፍስ አለው» የሚል ነው። እኛ ይህንን የእሷ ጨዋታ አድርገን ነበር የምንወስደው።

ዶክተር ያሬድ በዚያ ጊዜ የሚያጠናው ዳማከሴን ነው፤ ምች ሲመታን ታሽቶ የሚሰጠንን ያንኑ ቅጠል። ሥራው ለማየት ቀላል ነበር። ቅጠሉ ከውሃ ጋር ይፈላል። እንፋሎቱ በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ተናኝ ነገሮች፣ ማለትም በትንሽ ሙቀት ብን ብለው አፍንጫችን የሚደርሱትን፣ ይዞ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃ በሚዞርበት የመስታወት ቱቦ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ስስ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ከሥር ውሃው ይቀራል። ዘይቱን እንደ ዓይን ብሌን ተጠንቅቄ እሰበስባለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ። ውሃውን እደፋለሁ። ባለዲግሪዋ እኔ ይህን ባልዲ ሙሉ ውሃ ስንት ጊዜ እንደደፋሁት ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

አንድ ቀን እታለም ወለሉን እየወለወለች መጥታ ከመሣሪያው ፊት ቆመች።

«ዶክተር፣ እሳቱን አብዝተዋል።»

ዶክተር ያሬድ ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ተለክቶ ነው እታለም።»

«ተለክቶ ነዋ ያረረው። አይሸትዎትም?» በእጇ ጀርባ ቱቦውን ነካ አደረገችው። «ይሄም ሞቋል። እናቴ ብትሆን ይሄኔ ውሃውን ለውጣ፣ ሁለት እንጨት ከምድጃው ስባ፣ እኔን ደግሞ በጥፊ ብላኝ ነበር።»

እናቷ በሰፈሩ ስሟ የተጠራ አረቄ አውጪ እንደነበረች ያወቅነው ያን ቀን ነው። እታለም ያደገችው ከድፍድፉ ጋን ሥር ተቀምጣ፣ በሸምበቆው ቧንቧ የሚወርደውን እየጠበቀች፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ሞቀ አልሞቀ እያለች በእጇ ጀርባ እየነካች ነው። መስታወቱን ትተን ካየነው የዶክተሩ መሣሪያና የእናቷ ጋን አንድ ነበሩ። ዶክተር ያሬድ ሳቀ፤ ይሁን ብሎም እሳቱን ቀነሰ። ያን ቀን የወጣው ዘይት ከወትሮው የበዛና የጠራ ሆነ። ምንም አላላትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ገና በሩን ሳታልፍ፣ «እታለም፣ እስቲ ነይና እሳቱን እይልኝ» አላት። እሷም ባልዲዋን አስቀምጣ፣ «አሁን ገና ዶክተር ሆንህ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል የሚፈላባቸው ቀናት የእሷ ቀናት ሆኑ። ወለሉን ቀድማ ትጨርስና በርጩማ ስባ ከመሣሪያው ፊት ትቀመጣለች። ጠብታው ሲወርድ እያየች ታንጎራጉራለች። ላብራቶሪው ውስጥ መዘመር ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አልነበረም እንጂ ቢኖርም አታነበውም ነበር። እኔ በበኩሌ ከቤቴ ርቄ ያንን ጉርምርምታ ባልሰማ ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት ሻንጣዬን አንስቼ እሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ ከሲንኩ ሥር አጎንብሳ ጠራችኝ። ላብራቶሪው ሁለት ሲንክ ነበረው።

«ሀና፣ ነይ እስቲ እጅሽን እዚህ ክተችው።»

«እታለም፣ ቆሻሻ ነው እኮ!»

«ነው እንጂ። ክተችው።»

የግራውን ሲንክ ቀዳዳ በጣቴ ነካሁት፤ ያ የምታውቁት ዝልግልግ ነገር ይዞታል። የቀኙን ነካሁት፤ ምንም የለበትም።

«ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም አልነካኋቸውም፣ ሆን ብዬ» አለች። «የግራው እንዲህ ሁኗል፤ የቀኙ ደግሞ አሁን የታጠበ ሳህን ነው የሚመስል። ምንድን ነው የምትደፊበት?»

«ምንም። የቅጠሉን ውሃ ነው።»

አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ምንም ነው ያልሽው?»

ወደ ዶክተር ያሬድ ይዛኝ ሄደች። ዶክተር ያሬድ ዋናው ዘይቱ እንደሆነ፣ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ኢምንት እንደሆነ ነገራት።

«ኢምንት ማለት ምንድን ነው?»

«በጣም ትንሽ ማለት ነው እታለም።»

«በጣም ትንሽ ማለት የለም ማለት ነው?»

ዶክተር ያሬድ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ያን ሰሞን ግን ማታ ማታ ማንበብ ጀመረ። ነገሩ እሷ እንዳለችው ነው፤ ከተናኞቹ ውስጥ ከውሃ ጋር የሚስማሙት ውሃው ውስጥ ሟምተው ይቀራሉ፤ ያ ውሃ ቅጠሉን ቅጠሉን የሚሸተውም ለዚህ ነው። ሌላ አገር ሃይድሮሶል ብለው ስም አውጥተውለት፣ ምን ምን እንደሚጠቅም እየፈተሹት ነው። እኛ ስም ሳናወጣለት ሲንክ ስናጥብበት ኖረናል።

እስከዚያው እታለም ውሃውን አስፈቅዳ መውሰድ ጀመረች። «ለቤት መወልወያ ነው» አለችን። ዶክተሩም ወስዳ የፈለገችውን ታድርገው ብሎ ተወው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሰብስባ ትሞላለች፣ በፌስታል ይዛ ትወጣለች። እውነቱን ለመናገር ለቤት መወልወያ ብቻ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ክረምት ላይ እግራቸው ጣት መሐል የሚያሳክካቸው የሰፈሯ ሰዎች፣ ብብታቸው የሚያስቸግራቸው የባጃጅ ሾፌሮች፣ ፎሮፎር ያለባቸው ሴቶች በግቢው በር ላይ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ሲጠብቋት አይቻለሁ። እኔም ራሴ ጸጉሬን ታጥቤበታለሁ። ሰው ሲያመሰግናት ፊቷ ሲበራ ማየት ደስ ስለሚለኝ አንድም ቀን «ቆይ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው?» አላልኩም። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከአረቄ አውጪ ልጅ በቀር ማንም የማይሳሳተውን ስህተት ልንገራችሁ። አረቄ አይበላሽም። በእናቷ ቤት የቆየ አረቄ የክብር አረቄ ነበር፤ ለተራው ሰው የዕለቱ ይቀዳል፣ ለተወደደ እንግዳ ከጓዳ የተቀበረው ይወጣል። እታለምም የቅጠሉን ውሃ በዚያው ሕግ ያዘችው። ከየፍላቱ ጥቂት ጠርሙስ እየለየች በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር ታስቀምጣለች። ውሃው በቆየ ቁጥር የሚበረታ መስሏት፣ ለምትወዳቸው ሰዎች የምትሰጠው ከዚያ ከአሮጌው ነበር።

ከሁሉ የምትወደው ደግሞ የኔታ ጥበቡን ነው። የኔታ ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ነገራቸው ሁሉ ጨዋታ የሆነ አዛውንት ናቸው። የእታለም ባል የሞተ ጊዜ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እሑድ ቤቷ እየመጡ፣ ሲሻቸው እያጽናኑ፣ ሲሻቸው እያሳቁ ሰው አድርገዋታል። እሳቸው አንድ ቀን ከጥምጥማቸው ሥር ራሳቸውን እንደሚያሳክካቸው ነገሯት። እታለም ቤቷ ሮጣ፣ ካሏት ጠርሙሶች ሁሉ ያረጀውን፣ ሰባት ወር ከአልጋ ሥር የተኛውን አመጣችላቸው። የዚያን ቀን ደስታዋ ትዝ ይለኛል። «ዛሬ ለየኔታ ንጉሡን ሰጠኋቸው» ብላ ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወለችው።

በሳምንቱ የየኔታ ራስ አበጠ፣ ቆሰለ፣ ውሃ ያዘ። ጥምጥማቸውን ማሰር አቃታቸው። ጥምጥም ያላሰረ የዜማ መምህር ምን ማለት እንደሆነ የሐይቁ ዳር ሰው ያውቃል፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ከቅዳሴ ውጭ ቆመው ያያቸው ሁሉ ጠየቀ። ከጤና ጣቢያ ቅባት ተሰጣቸው። እሳቸው ስም አልጠሩም፤ ወሬው ግን ሰው አይጠብቅም፤ «እታለም አንጓች የኔታን መርዛ ጣለቻቸው» ተባለ። በሩ ላይ ባዶ ጠርሙስ ይዘው የሚጠብቋት ሰዎች ከሷ ጋር ሲገናኙ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ወሬው ኮሌጁም ደረሰና፣ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከላብራቶሪው ተነስታ ወደ ሌላ ሕንፃ እንድትዛወር ደብዳቤ መጣ።

ዶክተር ያሬድ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። «መድኃኒት ነው ብለሽ ለሰው ሰጠሽ?»

«መድኃኒት አላልሁም። ነፍስ አለው ነው ያልሁ።»

«የየኔታ ራስ እኮ ነው እታለም!»

«የማን ራስ እንደሆነማ እኔ ነኝ የማውቅ» አለች ቀስ ብላ። ደብዳቤውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ከዚህ መውጣቱ ይሁን። ባልዲና መወልወያ የትም አለ። ግን ሰው ከእጄ ውሃ እየፈራ ልኑር? የኔታን ምን እንደነካቸው ሳላውቅ አልወጣም። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ። ፈትሹልኝ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ዶክተር ያሬድ ብዙ አየኝ፣ ከዚያ ነጭ ጋውኑን ለበሰ። ሻጋታ የዘራንባቸው ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች አዘጋጀን። በአንዱ ላይ የዚያኑ ቀን የወረደ የዳማከሴ ውሃ የጠጣ ቁራጭ ወረቀት አስቀመጥን፤ በሌላው አንድ ወር የቆየ ውሃ፤ በሌላው ከየኔታ ጠርሙስ የተረፈውን፤ በሌላው እንዲሁ የፈላ ንጹሕ ውሃ። ሞቅ ያለ ሣጥን ውስጥ ዘግተን ተቀመጥን። እታለም ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስም መጣች። ሣጥኑን አትነካም፤ ፊት ለፊቱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አላንጎራጎረችም።

እሑድ ከሰዓት ከፈትነው። ትኩሱ ውሃ ባለበት ሳህን በወረቀቱ ዙሪያ ሻጋታው አልደረሰም፤ ጥርት ያለ ክብ ቦታ ቀርቷል። የወሩ ክብ ጠባብ ነው። ንጹሑ ውሃ ባለበት ሳህን ሻጋታው እስከ ወረቀቱ ሞልቷል። የየኔታ ውሃ ያለበት ሳህንም ክብ የሚባል ነገር የለው፤ ይባስ ብሎ እኛ ያልዘራነው ሌላ ነገር ከወረቀቱ ላይ በቅሎ ወጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጠርሙሱ ውስጥ የነበረ ነው» አላት ዶክተር ያሬድ። ቁጣው ወጥቶለት ነበር። «አረቄ የማይበላሽ አልኮሉ ስለሚጠብቀው ነው። ይሄ ውሃ ነው እታለም። የሚጠብቀው ያ ሽታው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተናኝ ነው፣ ቀን በቀን ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ሌላ ይገባበታል።»

«አይቆይም?»

«አይቆይም።»

እታለም አንጓች አገጯን በመዳፏ ይዛ ሳህኑን ብዙ ጊዜ አየችው። «ለምወዳቸው ነው እኮ አሮጌውን የሰጠሁ» አለችና አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ዶክተር ያሬድ ወደ መስኮቱ ዞረ። በኋላ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠራረገችና ጣቷን ወደ መጀመሪያው ሳህን ቀሰረች።

«ይሄ ክቡስ?»

«ያ ትኩሱ ውሃ ነው። ሻጋታውን ከልክሎታል። ግን ይሄ ሳህን ነው፣ የሰው ራስ አይደለም። መድኃኒት ለመባል ገና ብዙ ብዙ ይቀረዋል።»

«ይቅረው፣ እኔም አልቸኩልም። ብቻ ነፍስ አለው፣ አይደል?»

እንደዚህ ያለ ቃል በዶክተር ያሬድ ወረቀቶች ውስጥ አንድም ቦታ አይገኝም። «አለው» አላት።

ሰኞ ጠዋት ሳህኖቹን ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ከዚያ በፊት ስለ ምንም ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችው እሷ እንደሆነች፣ እሷ ከሄደች ጥናቱም እንደሚቆም ተናገረ። ደብዳቤው ተነሳ።

የእሷ ፍርድ ግን ገና ነበር። በዚያው ሳምንት ማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ውሃውን ከሰጠቻቸው ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ዞረች። ሌላ ሰው ቢሆን በሆነ ምክንያት አሳቦ ጠርሙሱን ይቀበል ነበር። እሷ በር ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «ተሳስቼ ነው! የሰጠሁሽ ተበላሽቷል፣ መልሽልኝ!» ትላለች። ደቅ ደሴት ላይ ለምትኖር እህቷ የላከችው አንድ ጠርሙስ ስለነበር ቅዳሜ እኔን አስከትላ በጀልባ ሄደች። ጀልባው ላይ ለተሳፈረው ሁሉ፣ ለነጋዴውም፣ ለዲያቆኑም፣ አሳ ለያዘው ሰውዬም ስህተቷን እየተረከች፣ ሕዝቡን እያሳቀች፣ ደሴቱ ደረስን። እህቷ ጠርሙሱን ጨርሶ አልከፈተችውም ነበር፤ «ከአንች የመጣ ስለሆነ አሳዝኖኝ አስቀመጥሁት» አለቻት። እታለም ውሃውን ከወደቡ ዳር ደፍታ እህቷን አቅፋ ሳመቻት።

እምቢ ያለቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ወይዘሮ ጥሩሰው፣ የአጥር ጎረቤቷ፣ የክረምት ውሃ መውረጃ ቦይ ዘግተሻል አልዘጋሁም እየተባባሉ ሦስት ዓመት የተኮራረፉ። ወይዘሮ ጥሩሰው ጠርሙሷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «እግሬን ያዳነኝን ውሃ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመልስም!» አለች። እታለም ምንም ሳትመልስላት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወጣች። ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት፣ «ተይኝ፣ የሷ ሌላ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ዶክተር ያሬድ ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት ያዘው። ጥቁር የመስታወት ጠርሙሶች፣ የሚቀቀሉ ክዳኖች፣ ማቀዝቀዣ ተገኘ። በየጠርሙሱ ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍን። የፈረንጅ ቀን ነበርና እታለም አየችው፣ አሸተተችው፣ ሳቀች። በማግስቱ ባለቀለም ክር ገዝታ መጣች። በሚካኤል ቀን የወረደውን በቀይ ክር አሰረችው፤ የማርያምን በሰማያዊ፤ የገብርኤልን በነጭ። ያው ቅዱስ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሲመጣ በክሩ የታሰረው ሁሉ ይደፋል። ወር በዓሉን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ስለሌለ የማንም ጠርሙስ ቀኑ ሳይታወቅ አለፈ የሚባል ነገር ቀረ። የእኛ ወረቀት በእርጥበቱ ተላጠ፤ የእሷ ክር እስካለሁበት ጊዜ ድረስ ሲሠራበት ነበር። ዶክተሩም መመሪያ አወጣላት፤ ለጤነኛ ቆዳ መታጠቢያ ብቻ፣ መጀመሪያ ክንድ ላይ ተነክቶ አንድ ቀን ተጠብቆ፣ መድኃኒት ነው ሳይባል። ቃል በቃል ያዘችው። ግን የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ጠርሙሶቹ በየወሩ ሙሉ እንደሆኑ ይደፉ ነበር። በሩ ላይ ማንም አይጠብቃትም። ትስቃለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ነገር ግን ወደ በሩ አሻግራ ስታይ አይቻታለሁ።

የየኔታ ራስ በጤና ጣቢያው ቅባት ድኖ፣ ጥምጥማቸውን አስረው ዜማቸውን ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ እሑድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በዋዜማው የኔታ ራሳቸው ቤቷ መጥተው፣ ከአዲሱ ውሃ ክንዴን ንኪኝ ብለዋት ነበር። ነክታቸዋለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ጠርሙሱን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ይዛለች። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከሾላው ሥር ሲቀመጥ የኔታ መጡና በሰው ሁሉ ፊት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ንጹሕ ነው።

«ጠርሙሷ የማን ናት?» አሏት።

«የሐሙሷ ሚካኤል ናት የኔታ። ቀይ ክር።»

«ቆይ፣ ቆይ። ከዚያ በፊት ያልገባኝን ልጠይቅሽ።» ዙሪያውን አዩ። ጠርሙስ የመለሱት ሰዎች ሁሉ አሉ፤ ወይዘሮ ጥሩሰውም ዳር ላይ ቆማለች። «የኔ ራስ ሲያብጥ የጥሩሰው እግር የዳነ ለምንድን ነው? የተቀበልን ከአንድ እጅ አይደለም?»

«የኔታ፣ ይሄን እንኳ አይጠይቁኝ።»

«ጠየቅሁ።»

እታለም አንጓች መሬት መሬት አየች። «አሮጌውን የማስቀምጥ ለምወደው ሰው ነበር። እርስዎን ከሁሉ አብልጬ ስለምወድዎ ከሁሉ ያረጀውን ሰጠሁዎ። ጥሩሰውን ግን…»

«ጥሩሰውን ግን?»

«ቦዩን ስለዘጋችብኝ፣ ‹ለሷስ የዛሬው ይበቃታል› ብዬ የዚያኑ ቀን የወረደውን ሰጠኋት።»

መጀመሪያ የሳቁት የኔታ ናቸው። ከዚያ ሾላው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ጥሩሰው ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለሕዝቡ ከፍ አድርጋ፣ «እሰይ! እንኳን ዘጋሁት!» ብላ ጮኸች። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና፣ ጥምጥማቸውን በእጃቸው እጥፍ በእጥፍ ፈቱት። ንጹሕ፣ የተላጨ ራሳቸውን ከእሷ ፊት ዝቅ አደረጉ።

«በይ እንግዲህ አንጓች» አሏት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከጠላቶችሽ ቁጠሪኝና አፍስሽ።»

እታለም አንጓች ቀዩን ክር በጥርሷ ፈትታ፣ በሁለት እጇ አፈሰሰች።